ደመ ነፍስ ወይስ ፍጥነት? ስለ ጀማሪ ላይንባከሮች የቀረበ ጥያቄና የተሰጡ ምላሾች

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከጓደኞቼ ጋር ደጋግመን ተከራክረንበት ልንቋጨው ያልቻልነው ጉዳይ አለ፤ ከእኛ ጠለቅ ብሎ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን ብዬ አቅርቤዋለሁ። ጥያቄው የአሜሪካ ፉትቦልን፣ በተለይም የላይንባከርን፣ ማለትም ከፊት መስመሩ ጀርባ ቆሞ ሩጫንም ቅብብልንም የሚያቆመውን ተከላካይ፣ ቦታ ይመለከታል። ሩጫው ዘገም ያለ፣ ቁመቱም ከሚፈለገው ያነሰ፣ ነገር ግን ጨዋታን ቀድሞ የመረዳት ደመ ነፍስ ያለው ወጣት በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ የፕሮፌሽናሎች ሊግ) የመጀመሪያ ዓመቱ ጉድለቱን በንባቡ ሊሸፍን ይችላል? ወይስ ይህ ችሎታ ለኮሌጅ በቂ ሆኖ ከፕሮፌሽናሎቹ ዘንድ ሲደረስ የሚከዳ ነው?

ክርክሩ የተነሣው ቦቢ ዋግነርን ስናይ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር የኮማንደርስ ደጋፊዎች በ2024 የውድድር ዘመን (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዋግነር በ34 ዓመቱ የመከላከሉን መሃል ሲመራ በዓይናችን አይተናል። በዕድሜ በብዙ የሚያንሱት ተጫዋቾች ገና ወዴት እንደሚሄዱ ሲያመነቱ እርሱ ኳሷ በምትደርስበት ቦታ ቀድሞ ቆሞ ይገኝ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ከዚህ ተነሥቶ፣ ዋግነር የወጣትነት ፍጥነቱ ቀንሶ እንኳ በዓይኑ ብቻ ይህን ያህል ከሠራ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ይዞ የመጣ ጀማሪም ያለ ፍጥነት ሊሠራ ይችላል ይላል። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ የሚገለበጥ አይመስለኝም። ዋግነር ወደ ሊጉ የገባው በ2012 ነው፤ ያ ዓይን ከአሥር ዓመት በላይ በተጠራቀመ ልምድ የተሳለ ነው። በዚያ ላይ በዋሽንግተን ያገኘው ዋና አሰልጣኝ ዳን ክዊን ቀደም ሲል በሲያትል የመከላከሉ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ያሠለጠነው ሰው ነው። የኮሌጅ ትምህርቱን ገና የጨረሰ የ22 ዓመት ወጣት ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ጥያቄዬን ላጥብበው። ስለ አንጋፋዎቹ ሳይሆን ስለ ጀማሪዎቹ ነው የምጠይቀው። በኮምባይን፣ ማለትም ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾች በሚፈተኑበት መድረክ፣ 40 ያርዱን (36.6 ሜትር ገደማውን) በ4.8 ሰከንድ የሮጠ ላይንባከር በመጀመሪያው ዓመቱ ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ ቡድኑን ሊጠቅም ይችላልን? ከቻለስ የቻለው በምን ዓይነት ሁኔታ ነው?

የዳላሱ ረዳት አሰልጣኝ

ውድ ጠያቂያችን፣ እኔ በዳላስ አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላይንባከሮች ረዳት አሰልጣኝ ነኝ፤ ስለዚህ ምላሼ ከሜዳ የሚነሣ ነው። ባጭሩ አዎን፣ ሊሸፍን ይችላል። ነገር ግን በየትኛው ርቀት ላይ የሚለውን ሳንለይ የምንሰጠው መልስ ሁሉ ያሳስተናል።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። 40 ያርድን በ4.6 ሰከንድ በሚሮጥና በ4.8 በሚሮጥ ላይንባከር መካከል ያለው ልዩነት 0.2 ሰከንድ ነው፤ ሁለቱ እኩል ቢነሡ መጨረሻው ላይ አንዱ ሌላውን የሚቀድመው አንድ ሜትር ተኩል በሚያህል ርቀት ነው። ይሁንና ላይንባከር በአንድ ጨዋታ ውስጥ 40 ያርድ በቀጥታ የሚሮጥባቸው ጊዜያት እጅግ ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሥራው የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ አምስት እስከ አሥር ያርዶች ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ርቀት ላይ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ልዩነት ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በሌላ በኩል ግን ፈጣኑ ሰው ኳሷ እንደተነሣች አንዲት እርምጃ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ቢረግጥ፣ ያችን እግር ተክሎ ሰውነቱን መልሶ እስኪነሣ ድረስ የሚያጠፋው ጊዜ በሩጫ ያገኘውን ጥቅም በሙሉ ይበላበታል። ደመ ነፍስ የምንለው ነገር ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ ጨዋታ ላንሣ። ካውንተር የሚባለው የሩጫ ዓይነት ላይንባከርን ለማታለል የተሠራ ነው። ኳሷ ስትነሣ ራኒንግ ባኩ፣ ኳሷን ይዞ የሚሮጠው አጥቂ፣ ወደ ግራ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ይረግጣል፤ በዚያው ቅጽበት በግራ በኩል የተሰለፈው ጋርድ፣ ከማጥቃቱ መስመር አጋጆች አንዱ፣ ከቦታው ተነቅሎ ከመስመሩ ጀርባ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ዓይኑን ራኒንግ ባኩ ላይ የተከለ ላይንባከር ወደ ግራ ይሄዳል፣ ራኒንግ ባኩም ዞሮ ኳሷን ይዞ ወደ ቀኝ ሲነጉድ ያ ላይንባከር በተቃራኒው በኩል በሰው ክምር ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ዓይኑ ጋርዱ ላይ ያረፈው ግን የጋርዱ ክብደት ከእጁ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ እግሩ ሲዛወር ገና ከመነሣቱ ያየዋል፤ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ክፍተቱንም ከጋርዱ ጋር እኩል ይደርስበታል። ሁለተኛው ልጅ በሩጫ ቢያንስም ታክሉን የሚያደርገው፣ ማለትም ኳስ የያዘውን የሚጥለው፣ እርሱ ነው። እኔ የማሠለጥናቸው ልጆች መካከል ይህን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያዩ አሉ፤ ዓመት ሙሉ ተነግሯቸውም የማያዩ፣ በሩጫ ግን የሚደርስባቸው የሌለ ልጆችም አሉ። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ መልማዮቹም ሊንቁት አይገባም።

በሊጉ ታሪክ ደግሞ ለጥያቄዎ ከሁሉ የተሻለው መልስ ዛክ ቶማስ ነው። ከቴክሳስ ቴክ ወጥቶ በ1996 ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በየተራ ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ማያሚ ዶልፊንስ በአምስተኛው ዙር፣ በ154ኛ ተራ መረጠው። ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ጂሚ ጆንሰን በልምምድ ካምፑ ውስጥ ካዩት በኋላ ጃክ ዴል ሪዮን የመሰለ አንጋፋ ላይንባከር አሰናብተው ቦታውን ለጀማሪው ሰጡት፤ እርሱም በዚያው ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰባት ጊዜ ለፕሮ ቦውል፣ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ፣ ተመረጠ፣ ከ1700 በላይ ታክሎችን አስመዘገበ፣ በ2023ም የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገባ። የቶማስን የጨዋታ ቪዲዮ ቅጂዎች ዛሬም ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የማጥቃቱ መስመር ሰዎች ገና ሁለተኛ እርምጃቸውን ሳይረግጡ እርሱ መንገድ ጀምሯል። እርሱን ለማገድ የተመደበው ሰው ሲደርስ ቶማስ እዚያ ቦታ ላይ የለም።

ሚኒያፖሊሳዊ

የአሰልጣኙን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ስለ ሩጫ ጨዋታ የተናገሩት በሙሉ ትክክል ነው። ሆኖም ቶማስ የመጣበት 1996 ዛሬ አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ ቡድኖች በሜዳው ላይ ሦስት፣ አንዳንዶቹም አራት ላይንባከሮች አሰልፈው ሩጫን ለማቆም ይዘጋጁ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ጨዋታ አምስት የኋላ ተከላካዮች ይገቡና ሁለት ላይንባከሮች ብቻ ይቀራሉ፤ የቀሩት ሁለቱም ከሩጫው እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ቅብብልን የመከላከል ኃላፊነት አለባቸው። በዚህ ሥራ ላይ ደመ ነፍስ ብቻውን የማይሸፍናቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱን ዘለግ አድርጌ ላብራራው።

የዛሬዎቹ ምርጥ የማጥቃት አሰልጣኞች፣ እነ ካይል ሻናሃንና ሾን ማክቬይ፣ ጨዋታቸውን የገነቡት የላይንባከሩን ንባብ መልሰው መሣሪያ በማድረግ ነው። የመስመሩ ተጫዋቾች በሙሉ ወደ አንድ ጎን እኩል ይሮጣሉ፣ ራኒንግ ባኩም አብሯቸው ይሄዳል፤ ላይንባከሩ የተማረውን ሁሉ በትክክል ተጠቅሞ ሩጫ ነው ብሎ ይከተላል። ኳሷ ግን ከኳርተርባኩ፣ ከኳስ ወርዋሪው፣ እጅ አልወጣችም፤ ላይንባከሩ ትቶት በሄደው ባዶ ቦታ ላይ ከኋላው ተቀባይ እየገባ ነው። ሩጫውም ማስመሰያውም በመጀመሪያው ሰከንድ ውስጥ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖራቸው ሆን ተብሎ ስለተሠሩ፣ ንባቡ የቱንም ያህል የሰላ ቢሆን የሚያነበው ጽሑፍ ራሱ ሐሰት ነው። በዚህን ጊዜ ሁሉም ይታለላል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከተታለሉ በኋላ ማን ዞሮ ሊመለስ ይችላል በሚለው ላይ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ላይንባከር ፍሬድ ዋርነር ይህን ማድረግ ይችላል፤ ረጅም ነው፣ ሲዞርም ሆነ ወደ ኋላ ሲሮጥ ቀላል ነው። 4.8 የሚሮጠው ጀማሪ ግን ዞሮ ሲያበቃ ኳሷ ከራሱ በላይ አልፋ ሄዳለች።

ሁለተኛው ክርስቲያን ማክካፍሪን ከመሳሰሉ ራኒንግ ባኮች ጋር ብቻ ለብቻ መቅረት ነው። አምስት ያርድ ያህል ወጥቶ፣ የላይንባከሩን ወገብ ዓይቶ፣ ወገቡ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ሯጩ ራሱ ገና አልወሰነም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚነበብ ነገር የለም። እዚያ ላይ የሚያድነው የእግር ቅልጥፍና ብቻ ነው።

ይህን ስል ዘገምተኛ ጀማሪ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። በከተማችን ኢቫን ፔስ ጁኒየርን አይተናል። በ2023 በድራፍቱ ማንም ሳይመርጠው ከሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቫይኪንግስ መጣ፤ ቁመቱ 178 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንጋፋው ጆርዳን ሂክስ ሲጎዳ የመከላከሉን ጥሪ በራስ ቁር ሬዲዮ የሚቀበለው እርሱ ሆነ፤ ለጀማሪ፣ ያውም ላልተመረጠ ጀማሪ፣ ይህ ትልቅ እምነት ነው። ነገር ግን የመከላከሉ ኃላፊ ብራያን ፍሎሬስ በየጊዜው ብሊትዝ የሚያዝ፣ ማለትም ተከላካዮቹን ወደ ኳርተርባኩ ወደፊት የሚልክ አሰልጣኝ መሆኑን አንርሳ። ፔስ ወደ ኋላ ሃያ ያርድ እንዲሮጥ ሳይሆን ወደፊት ገብቶ እንዲያፈርስ ነበር በብዛት የተጠየቀው። ያው ልጅ ላይንባከሩ በሜዳው መሃል በጥልቀት ወደ ኋላ እንዲሮጥ በሚያዝ ሥርዓት ውስጥ፣ ቺካጎ በብራያን አርላከር ዘመን ትጫወተው እንደነበረው ዓይነት ውስጥ፣ ቢገባ ኖሮ ስሙን እንኳ የምንሰማው አይመስለኝም። ስለዚህ ጠያቂያችን ‘በምን ሁኔታ’ ላሉት የእኔ መልስ፣ ከልጁ ችሎታ ይልቅ የአሰልጣኙ ሥርዓት ይወስናል የሚል ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱ አስተያየቶች የሚጋጩ አልመሰሉኝም፤ አንዱ ስለ ፊት፣ ሌላው ስለ ኋላ ነው የተናገሩት። ከዚሁ የሚከተል አንድ ጥያቄ ለአሰልጣኙ ልጨምር። ደመ ነፍስ በሰዓት አይለካም። ታዲያ የኮሌጅ ቅጂ የሚመለከት መልማይ ይህ ልጅ በእውነት ያነብባል፣ ያኛው ግን በግምት ዘልሎ አንዳንዴ ይቀናዋል ብሎ የሚለየው በምንድን ነው? እኔ እንደ ተመልካች ትልልቆቹን ታክሎች ብቻ ነው የማየው።

የዳላሱ ረዳት አሰልጣኝ

ጥያቄዎ የሙያው ዋና ጥያቄ ነው። ትልልቆቹን ታክሎች ለጊዜው ይተዉአቸውና ኳሷ ወደ እርሱ ያልመጣችባቸውን ጨዋታዎች ይመልከቱ። የሚገምት ልጅ ሲሳሳት ስሕተቱ ግዙፍ ነው፤ ክፍተቱን ባዶ ጥሎ ይሄዳል፣ ከኋላው ያለው ጓደኛው ዋጋውን ይከፍላል። የሚያነብ ልጅ ግን ሩጫው በሌላ በኩል ሲሄድ እንኳ እግሮቹ አይቸኩሉም፤ ራኒንግ ባኩ ወደ ኋላ ቆርጦ ቢመለስ የሚገኝበትን መንገድ ይዞ፣ ግማሽ እርምጃ ዘግየት ብሎ ይከተላል። ሌላው ምልክት ተደጋጋሚነት ነው። አንድ ቡድን በመጀመሪያው ሩብ ያታለለውን ጨዋታ በሦስተኛው ሩብ ሲደግመው ልጁ ምን ያደርጋል? ለዚያ መልስ ያለው ልጅ ትምህርት በቶሎ የሚገባው ነው፤ ለጀማሪ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ኮምባይኑ ቀደም ሲል ተጫዋቾቹን ዋንደርሊክ የሚባል የጽሑፍ ፈተና ያስፈትን ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ቀርቷል። መቅረቱ አልቆጨኝም፤ ወረቀት ላይ የሚያስበው ሰውና ሃያ ሁለት ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ከኮሌጅ ወደ ኤንኤፍኤል ሲመጣ የሚለወጥ ነገርም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በኮሌጅ ሜዳ ላይ ኳሷ የምትቀመጥባቸው ሁለቱ የውስጥ መስመሮች በመካከላቸው 40 ጫማ ርቀት አላቸው፤ በኤንኤፍኤል ግን 18 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ በኮሌጅ ኳሷ ወደ አንዱ ጠርዝ ተጠግታ ስትቀመጥ አንደኛው ወገን ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ይሆናል፤ ላይንባከሩም ጨዋታው ወዴት ሊያደላ እንደሚችል ከሜዳው ቅርጽ ብቻ ብዙ ፍንጭ ያገኛል። በኤንኤፍኤል ኳሷ ምንጊዜም ወደ መሃል ስለምትቀርብ ያ ፍንጭ በአብዛኛው ይጠፋል። በኮሌጅ ‘ደመ ነፍስ’ የተባለለት ልጅ የተመካው በዚህ ላይ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ግራ ይጋባል።

ለጀማሪው የሚያግዝ ለውጥ ግን አለ። በኮሌጅ የማጥቃቱ መስመር ተጫዋቾች ኳሷ ወደፊት ልትወረወር እያለ እስከ ሦስት ያርድ ድረስ ወደፊት መሄድ ይፈቀድላቸዋል፤ በኤንኤፍኤል የሚፈቀደው አንድ ያርድ ብቻ ነው። በመሆኑም በኮሌጅ ጋርዱ ወደፊት ቢመጣም ኳሷ ልትወረወር ትችላለች፤ በኤንኤፍኤል ግን ጋርዱ ሁለት እርምጃ ወደፊት ከመጣ ብዙውን ጊዜ ሩጫ ነው። ሚኒያፖሊሳዊ ወንድማችን የጠቀሱት ማታለያ እንዳለ ሆኖ፣ የመስመሩን ሰዎች በጥንቃቄ የሚያይ ጀማሪ ከኮሌጅ ይልቅ እዚህ እውነተኛ ምልክት ያገኛል። ዓይኑ ጥሩ የሆነ ልጅ በኤንኤፍኤል የተሻለ ሆኖ ሲገኝ ሰዎች የሚገረሙት ይህን ስለማያስቡ ነው።

ስለ ሬዲዮው ደግሞ ልጨምር። ኤንኤፍኤል ከ2008 ጀምሮ አንድ ተከላካይ በራስ ቁሩ ውስጥ የአሰልጣኙን ድምፅ እንዲሰማ ፈቅዷል፤ ድምፁ ግን ኳሷ ልትነሣ የሚገባትን ጊዜ በሚቆጥረው ሰዓት ላይ 15 ሰከንድ ሲቀር ይቋረጣል። የማጥቃቱ ክፍል ሰዎቹን የሚያዘዋውረው፣ ኳርተርባኩም ጥሪውን የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ አሥሩን ጓደኞቹን የሚያስተካክለው ላይንባከሩ ነው፤ ያን ጊዜ አንዲት ትክክለኛ ቃል ከእርሱ አፍ ከወጣች የሌሎቹ ፍጥነት ሁሉ ጥቅም ላይ ይውላል። ስለ ዘገምተኛው ልጅ ስናስብ የራሱን እግር ብቻ የምንቆጥር ከሆነ ይህን አስተዋጽኦ ከሂሳብ ውጭ እናደርገዋለን። ከ2024 ወዲህ በትልልቆቹ የኮሌጅ ቡድኖችም ይኸው ሬዲዮ ስለተፈቀደ፣ አሁን የሚመጡት ጀማሪዎች ሥራውን ለምደውት ይደርሳሉ።

እኅታችሁ ከአትላንታ

ውይይቱን በደስታ ተከታትያለሁ። የምጨምረው ነገር ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ እባካችሁ ቅር አትሰኙብኝ። ዛክ ቶማስን ሁላችንም የምናነሣው ስለተሳካለት ነው። በዚያው ዓይነት ስም፣ ‘ዘገምተኛ ቢሆንም ጨዋታ ያውቃል’ ተብለው ወደ ካምፕ ገብተው በነሐሴ መጨረሻ የተሰናበቱትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም። ስለዚህ ከስኬታማዎቹ ብቻ ተነሥተን ሕግ ብናወጣ እንሳሳታለን።

ለምሳሌ ማንታይ ቴኦን እንመልከት። በ2012 ለኖትር ዳም ሲጫወት ላይንባከር ሆኖ ሰባት ኢንተርሴፕሽን አደረገ (የተወረወረ ኳስ ጠለፈ)፣ የኮሌጁ ምርጥ ተጫዋች በሚሸለምበት በሃይዝማንም ሁለተኛ ወጣ፤ በኮሌጅ ጨዋታን ስለማንበብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በኮምባይን 40 ያርዱን በ4.82 ሮጠ። ቻርጀርስ በ2013 በሁለተኛው ዙር መረጠው፤ ለዓመታት ተሰለፈ፣ ጉዳትም ደጋግሞ አገኘው፤ ነገር ግን የኮሌጁ ቴኦ በኤንኤፍኤል አልታየም። መጥፎ ተጫዋች አልነበረም። ኳሷን ለመጥለፍ የሚያስችለው ያ ትርፍ እርምጃ ግን በዚህ ደረጃ አልነበረውም፤ በኮሌጅ ኢንተርሴፕሽን ይሆን የነበረው እዚህ ከተቀባዩ በኋላ የሚደረግ ታክል ሆነ።

በተቃራኒው ቮንቴዝ በርፊክትን ተመልከቱ። በኮምባይን 5.09 ሮጠ፣ ይህም ለላይንባከር እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ በ2012ም ማንም አልመረጠውም። ሲንሲናቲ ወሰደውና በመጀመሪያው ዓመቱ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፣ በሁለተኛው ዓመቱ ደግሞ በታክል ብዛት ሊጉን በሙሉ መራ። በኋላ ላይ በሕገ ወጥ ግጭቶች የደረሰበትን ቅጣት አላጸድቅም፤ ኳሷ የምትሄድበትን ቀድሞ በማወቅ ረገድ ግን በዚያ ዘመን ከእርሱ የሚልቁ ጥቂቶች ነበሩ። እንግዲህ 4.82 የሮጠው ጎልቶ አልወጣም፣ 5.09 የሮጠው ሊጉን መራ። ሰዓቱ ብቻውን እንደማይነግረን ይህ በቂ ነው፤ በዚህ ላይ ከአሰልጣኙ ጋር እስማማለሁ።

ፍጥነት ብቻውን ምን እንደሚሆን ደግሞ አይዛያ ሲመንስ ያሳየናል። 193 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይዞ 40 ያርዱን በ4.39 የሮጠ ሰው ነው፤ አሪዞና በ2020 በስምንተኛ ተራ መረጠው። ከሦስት የውድድር ዘመን በኋላ በነሐሴ 2023 ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ሲሸጥ የተገኘው ምትክ አንድ የሰባተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ነበር። ቦታውን ደጋግመው መቀያየራቸው ጎድቶታል፤ ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ ፍጥነት ኳሷን ዘግይቶ ሲከተል ማየት ያሳዝን ነበር። በ2019 ፒትስበርግ በአሥረኛ ተራ የመረጠው ዴቪን ቡሽም ብዙ ጊዜ በዚህ ረድፍ ይጠቀሳል፤ እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ ጉልበቱ ከመጎዳቱ በፊት የመጀመሪያ ዓመቱ ጥሩ ነበር።

ስለ ታክል ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ታክል ሁሉ በመዝገብ ላይ አንድ ነው፤ ሩጫውን በአንድ ያርድ ላይ ያቆመውም፣ ስምንት ያርድ ከሄደ በኋላ ከጀርባ ደርሶ የጣለውም እኩል አንድ ይጻፍላቸዋል። ጀማሪ ላይንባከር ‘ከ100 በላይ ታክል አደረገ’ ሲባል ስንቱ ከመስመሩ በስተጀርባ፣ ስንቱ ከቅብብል በኋላ እንደሆነ ሳንጠይቅ ማመስገንም ሆነ መውቀስ የለብንም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን እስካሁን ያልተነሣ ጉዳይ ነው፤ የአካል ጫና። ክሪስ ቦርላንድን ታስታውሱታላችሁ። ከዊስኮንሲን ወጥቶ በ2014 በሦስተኛው ዙር፣ በ77ኛ ተራ ሳን ፍራንሲስኮ መረጠው፤ ከ180 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ክንዱ አጭር፣ ሩጫው 4.83 ነበር። ናቮሮ ቦውማን በጉልበት ጉዳት ዓመቱን ሙሉ አልተሰለፈም፤ ፓትሪክ ዊሊስም በዓመቱ መሃል ተጎዳ። ሁለቱ የሊጉ ምርጥ ላይንባከሮች በሌሉበት ይህ ጀማሪ በ14 ጨዋታዎች ከ100 በላይ ታክልና ሁለት ኢንተርሴፕሽን አደረገ፤ የጠያቂያችንን ጥያቄ የሚመልስ አንድ ዓመት ቢኖር ያ ዓመት ነው። ሆኖም በመጋቢት 2015፣ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ፣ የአንጎል ጉዳትን ፈርቶ ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ ተወ። ምክንያቱ ዘገምተኛነቱ ወይም ቁመቱ ነው ብዬ አልናገርም፤ እርሱም እንዲህ አላለም። ነገር ግን ኳሷ የምትሄድበትን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በየጨዋታው ወደ ግጭቱ መሃል ቀድሞ ይደርሳል፤ ረጅም ክንድ ያለው ላይንባከር አጋጁን በእጁ ገፍቶ ሊያርቀው የሚችልበት ቦታ ላይ፣ አጭር ክንድ ያለው በትከሻውና በደረቱ ይገጥማል። የንባብ ችሎታን ስናደንቅ ያንን ችሎታ የሚሸከመው ሰውነት ምን እየከፈለ እንደሆነ አብረን ማሰብ አለብን።

ሳም ሚልስንም ሳላነሣ አላልፍም። ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ክሊቭላንድም ሆነ በካናዳ የቶሮንቶ ቡድን አሰናብተውታል፤ ከዚያ በዩኤስኤፍኤል፣ በሌላ የፕሮፌሽናሎች ሊግ፣ ሦስት ዓመት በጂም ሞራ ሥር ተጫወተ። ሞራ በ1986 ወደ ኒው ኦርሊንስ ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ፤ አምስት ጊዜ ፕሮ ቦውል ተመረጠ፣ በ2022ም የዝና አዳራሽ ገባ። ለኤንኤፍኤል ጀማሪ የሆነው ግን በ27 ዓመቱ፣ ሦስት ዓመት ከፕሮፌሽናሎች ጋር ከተጫወተ በኋላና ሥርዓቱን በሚያውቀው አሰልጣኝ እጅ ነው። ጠያቂያችን ስለ ዋግነር ያነሡት ጥርጣሬ እዚህም ይሠራል፤ የአጭሩ ሰው ዓይን ብስለት የሚያገኝበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ሚኒያፖሊሳዊ

እኅታችን የሚልስን ነገር ስላነሡ አመሰግናለሁ፤ እኔም ልለው የነበረው እርሱን ነበር። አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንዶች ዘገምተኛውን ጀማሪ፣ አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት ሙከራዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ አሰልፎ በሦስተኛው፣ ቅብብል በሚበዛበት፣ በፈጣን ተከላካይ መተካት ይቻላል ይላሉ። ይቻላል፤ ግን ተቃራኒው ቡድን ሰው ሳይቀይር ቶሎ ቶሎ ከተጫወተ መከላከሉ ለመቀየር ጊዜ አያገኝም፤ ያ ጀማሪም እንደተሰለፈ ይቀራል። ጥሩ ኳርተርባክ ይህን ካየ ኳሷን ወደዚያ ልጅ ደጋግሞ ይልካታል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ጠያቂ)

ብዙ ነገር ተማርኩ። እንግዲያውስ አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅ፤ እናንተ የቡድን ሥራ አስኪያጅ ብትሆኑ፣ ንባቡ ድንቅ፣ ሩጫው 4.8 የሆነውን ይህን ልጅ በስንተኛው ዙር ትመርጡታላችሁ?

የዳላሱ ረዳት አሰልጣኝ

የምመራው መከላከል ላይንባከሩን ፊት ለፊት የሚያቆም ከሆነ በሦስተኛው ዙር እመርጠዋለሁ፤ አልፈራም። ከመምረጤ በፊት ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር ያርዶች የሮጠበትን ሰዓትና በአጭር ርቀት ሲመላለስ ያስመዘገበውን ለብቻ አያለሁ። እነዚያ ደህና ከሆኑ የ40 ያርዱ ሰዓት አያስጨንቀኝም። እነዚያም ደካማ ከሆኑ ንባቡ የፈለገውን ያህል ቢያምር እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም ቀድሞ አውቆ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ይኖራል።

እኅታችሁ ከአትላንታ

እኔ በሦስተኛው ዙር አልመርጠውም፤ በዚያ ቦታ ላይ ሁለቱንም የያዘ ላይንባከር ሊገኝ ይችላልና። ዋርነር ራሱ በ2018 የተገኘው በ70ኛ ተራ ነው። ከአራተኛው ዙር መጨረሻ ጀምሮ ግን ዓይኑ የሰላ ልጅ ከፈጣኑ ይቀድምብኛል። በእነዚያ ዙሮች የሚቀሩት ፈጣኖች ብዙዎቹ ንባብ የጎደላቸው ናቸው፤ ስፔሻል ቲም፣ ማለትም ኳስ በእግር ሲመታ በሚሰለፈው ቡድን፣ ላይ ይሮጣሉ እንጂ በመጀመሪያው ዓመት መከላከሉን አይመሩም። ያነበበው ልጅ ግን አንጋፋው በተጎዳ ማግስት ገብቶ ጥሪውን ማስተላለፍ ይችላል፤ ማያሚ በ154ኛ ተራ የከፈለው ዋጋም ለዚህ ዓይነት ልጅ ተገቢው ዋጋ ይመስለኛል።